ዳገት ላይ የምትጠፋው ቪትዝ

የቤታችን ቪትዝ ጠዋት ጠዋት ምንም አይነካትም። ቁልፉን ሲያዞሩት አንዴ አጉረምርማ ትነሳለች፤ ገበያ አድርሳ ትመልሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ታመጣለች። ፀሐይ ሲበረታ፣ ዳገት ሲገጥማትና የነዳጁ ቆጣሪ ወደ ታች ሲወርድ ግን ጠባይዋ ይለወጣል። መጀመሪያ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ትቆራረጣለች፤ ነዳጅ መስጫውን ቢረግጡትም ጉልበት አትጨምርም፤ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ቆላ ወርደን ወደ ሰቆጣ ስንመለስ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጋናለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በትዕግሥት እናልፈው ነበር። ዘንድሮ ግን ባለቤቴ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቀጠሮ ተይዞላታል። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰቆጣ ተነስቶ በቢልባላና በላሊበላ በኩል ጋሸና መውጣት፣ ከጋሸና የድልብን ጠመዝማዛ ይዞ ወልድያ መውረድ፣ ከዚያ በመርሳና በሐይቅ አድርጎ እንደገና ወደ ደጋው መውጣት ነው። በአውቶቡስ እንዳንሄድ ባለፈው ዓመት ደረጃው አልታይ ብሏት ከመወጣጫው ላይ ወድቃለች፤ ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ የሚባል ነገር እንዳይነሳባት ብላለች። ዓይኗ በቅጡ የማያይ ሴት ይዤ ሰው በሌለበት ዳገት ላይ መቆም ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የመኪናዋ ሕመም መታወቅ ነበረበት።

መኪና ሲታመም መንደሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ካንዴላው ነው» አለ። ሌላው ኢንጀክተሩ ይታጠብ አለ። አንድ ጋራዥ ሞተሩ መውረድ እንዳለበት ነገረኝ፤ ዋጋውንም አብሮ ነገረኝ። የዕድሜ እኩያዬ የሆነ ጎረቤቴ «ሽጣትና ሌላ ግዛ» አለኝ። ሌላ ከየት ይመጣል? የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ወደ አገር ማስገባትን የማይቀመስ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከልክሏል። በየቤቱ ያሉት ትናንሽ አሮጌ መኪኖች እንደ መሬትና እንደ ቤት ለልጅ ልጅ የሚተርፉ ንብረቶች ሆነዋል። መጠገንን ማወቅ ይሻላል።

ከምክሮቹ ሁሉ በአክብሮት የሰማሁት የአንድ አሮጌ ሹፌርን ነው። «ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረህ ፓምፑ ላይ አልብሰው» አለኝ። ይህ ተረት አይደለም። በቶዮታ ዲኤክስም በላዳም ዘመን የነዳጁ ፓምፕ ከሞተሩ ጎን ተጣብቆ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተገፋ፣ ቤንዚኑን ከኋላ ታንክ ድረስ በመምጠጥ የሚያመጣ ነበር። ሞተሩ ሲግል ፓምፑም አብሮ ይግላል፤ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ ፓምፑ እንፋሎት መሳብ አይችልም፤ መኪናው ይቆማል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃም ቤንዚንም ቶሎ ይፈላሉ፤ ደጋ ላይ ሽሮ እንጂ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። እርጥቡ ጨርቅ ያንን ፓምፕ ያቀዘቅዘዋል፤ ስንቱን መኪና ከገደል አፋፍ አስነስቷል።

ቪትዝ ግን የሌላ ዘመን ልጅ ናት። መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ካርቡራተር የላትም። ፓምፗ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ተቀምጦ የሚገኘውም ከኋላ ወንበር ስር ባለው ታንክ ውስጥ፣ ቤንዚኑ መሀል ተነክሮ ነው። ነዳጁን ከኋላ እየገፋ 3 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልከዋል። እንዲህ የተገፋ ቤንዚን ቱቦ ውስጥ በቀላሉ አይፈላም። ጨርቅ የማለብሰው ፓምፕም ኮፈኑ ስር የለም።

እዚህ ላይ ለዋግ ሰው በተለይ የሚነገር ነገር አለ። ያ ፓምፕ በዙሪያው ካለው ቤንዚን በቀር ማቀዝቀዣ የለውም። በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፤ ሲሠራ ይግላል፤ ሙቀቱን የሚወስድለት ነዳጁ ነው። ታንኩ ሲጎድል ፓምፑ ከነዳጁ በላይ ይቀራል፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገት ስታቀና ደግሞ ያለውም ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ቤንዚን እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ሰው ቢያንስ ሩብ ታንክ ይዞ ይነዳል። እኛ ዘንድ ቤንዚን ሲመጣ በሰልፍ፣ ሲጠፋ በጀሪካን ነው፤ ሁላችንም 5 ሊትር ቀድተን ቀይ መብራት እያየን እንነዳለን። የብዙ መኪና ፓምፕ የሚቃጠለው በእርጅና ብቻ ሳይሆን በዚህ ጥማት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ላይ የእኛዋ ሌላም ያየችው አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰቆጣን በያዛት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ለወራት ቆማለች። ታንኳ ውስጥ የቀረው ጥቂት ቤንዚን ነበር። የቆመ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል እየተነነ ይሄድና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ባዶው የታንክ ክፍል ደግሞ ሌሊት በቅዝቃዜ ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ ብረቱን ያዝገዋል። ከሰላሙ በኋላ ጎማዋ ከመተንፈሱ በቀር ደህና ናት ብለን ደስ አለን። ውስጧን ማን አየው?

ወደ ምርመራው ልምጣ። ያገኘሁት የመኪና ኤሌክትሪሻን ወጣት ነው፤ ጋራዥ የለውም፤ አንድ ቴስተርና አንድ ሻንጣ መፍቻ ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል። መጀመሪያ የጠየቀኝ እንዴት እንደምትጠፋ ነበር። «እንደ አምፖል ድንገት ነው የምትጠፋው ወይስ እያቃሰተች?» እያቃሰተች ነው አልኩት። ድንገት ጭልም ካለች ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው፤ እያቃሰተች ከሆነ ነዳጅ እያጠራት ነው አለኝ። ቀጥሎ ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። የፓምፑን ሪሌ ነቅሎ በተመሳሳዩ የጥሩምባ ሪሌ ተካው፤ ለውጥ የለም። እኔ «እንግዲያው ፓምፑን ልግዛ?» ስለው «አባቴ፣ ሳይለኩ መግዛት ቁማር ነው» አለኝና በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ለካ።

ሲለካት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁሉም ነገሯ ጤነኛ። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው ያደረ ልጅ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ትኩሳቱ ይለቀውና ከነርሷ ጋር ይስቃል። ነርሷም እናትየውን ታያታለች። መፍትሔው መኪናዋን ባመማት ሰዓትና ባመማት ቦታ መለካት ነበር። ሰዓቱ ቀትር፣ ታንኩ የጎደለ፣ ቦታው ዳገት።

ለዚህ ሥራ አንድ የጎደለኝ ነገር ጆሮ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደምታሰማው ያለ ቀጭን ድምፅ አለው። ሰው ሲያረጅ ከጆሮው ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ እኔ የጥሩምባ ድምፅ እሰማለሁ፣ የፓምፑን ግን ጆሮዬን ወንበሩ ላይ ደፍቼ እንኳን አልሰማውም። የምትሰማው የልጅ ልጄ ናት። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስልኳ ሌላ ክፍል ሲንጫጫ ትሰማለች። ስለዚህ ኤሌክትሪሻኑ በጤናዋ ሰዓት የኋላ ወንበሩን አንስቶ፣ ጆሮዋን ወደ ክዳኑ አስጠግቶ የጤነኛውን ድምፅ አስጠናት።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የሚያሳስት ነገር ልጥቀስ። ኢንጀክተር ያላቸው ብዙ መኪኖች ቁልፉ ሲበራ፣ ሞተሪኖው ገና ሳይዞር፣ ፓምፑን ለ2 ሰከንድ ያህል ያሠሩታል። ይህን ከቪዲዮ ያየ ሰው ቁልፉን አብርቶ ዝምታ ሲሰማ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። አንዳንድ የቀድሞ ቶዮታዎች ግን ሞተሪኖው ካልዞረ ፓምፑን አያዙትም፤ የእኛዋም እንደዚያ ናት። ስለዚህ ድምፁ የሚደመጠው አንድ ሰው ፊት ሆኖ ሲያስነሳ ነው፤ አድማጯም ከሞተሪኖው ጩኸት የፓምፑን ድምፅ መለየት አለባት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከከተማ ወጥተን ዳገቱን ያዝን። እኔ መሪው ላይ፣ ኤሌክትሪሻኑ ከጎኔ፣ የልጅ ልጄ ወንበሩ በተነሳበት በኋላ በኩል ጥግ ይዛ። የልብስ መስፊያ መርፌዎች ከባለቤቴ ቅርጫት ይዘናል፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም፤ ያን ዕለት ጤነኛ መሆኗ አናዶኝ ነበር። ከዚያ ከላይኛው መታጠፊያ ሳንደርስ መቆራረጥ ጀመረች፤ ቆመች። ፍሬን ይዤ ሁለት ድንጋይ ጎማው ስር አደረግንላት። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ወዲያው ከበቡን።

«አባባ፣ ያዙሩት» አለች። አዞርኩት። ሞተሪኖው ዞረ።

«ይሰማል?»

«የፊተኛው ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚህ ምንም የለም። እስቲ ደግመው ያዙሩት።»

ደግሜ አዞርኩ። ምንም። አንዱ እረኛ ራሱን በመስኮት አስገብቶ «አይጮህም» ብሎ አረጋገጠላት።

አሁን ጥያቄው ሁለት ነው። ፓምፑ ዝም ያለው ኤሌክትሪክ ስላልደረሰው ነው? ወይስ ደርሶት መዞር ስላቃተው? ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ሳይለይ ነው። ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ጥፋቱ የፊውዝ፣ የሪሌ ወይም የሽቦ ነው፤ አዲስ ፓምፕ ቢገዙ ያው ዝም ይላል። መርፌዎቹ የመጡት ለዚህ ነው። የፓምፑን ሶኬት ነቅሎ ባዶውን ጫፍ መለካት ያታልላል፤ አንዲት ክር የቀረችው የበሰበሰ ሽቦ እንኳ ሥራ ካልያዘች 12 ቮልት ታሳያለች። ሥራ ሲጫንባት ነው የምትወድቀው። ስለዚህ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ከኋላው በሁለቱ ሽቦዎች ጎን ቀጫጭን መርፌ አስገብቶ፣ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አብሮ መለካት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲለካ የኔጋቲቩ መንገድ ዝጎ ከሆነም አብሮ ይታወቃል።

ባትሪው ቆሞ ሲለካ 12.5 ነበር። ሞተሪኖው ሲዞር ማንኛውም ባትሪ ይወርዳል፤ የእኛው ወደ 10.3 ወረደ። በዚያው ቅጽበት ቴስተሩ ፓምፑ ላይ 10.1 አነበበ። የልጅ ልጄ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ኤሌክትሪሻኑም «በቃ» አለ። ኤሌክትሪኩ በሙሉ ደርሷል፤ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ፓምፑ ደርሶት ነው ዝም ያለው።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረው። በመኪናዋ ስር አጎንብሶ፣ እኔ ሳስነሳ፣ የመዶሻውን የእንጨት እጀታ ይዞ ታንኩን ከስር ቀስ አድርጎ ኳ ኳ አደረገው። «ጮኸ! ጮኸ!» አለች ልጅቷ፤ መኪናዋም ተነሳች። እረኞቹ አጨበጨቡ። ነገሩ ምትሃት አይደለም። የፓምፑ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ካርቦን በሚባሉ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ቁርጥራጮች ነው፤ እነሱ ሲያልቁና ሲግል ንክኪያቸው ይለቃል፤ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲነቀነቅ ለጊዜው ይመለሳል። ኳ ኳ ማድረግ ቤት ያደርሳል እንጂ ቦሩ ሜዳ አያደርስም።

ፓምፑን አዲስ አበባ ያለው ልጄ ሶማሌ ተራ ሄዶ ገዛ። የአሮጌውን ፎቶ በቴሌግራም ልከንለት ነበር፤ ሶኬቱ፣ ቁመቱና የግፊት መጠኑ ካልገጠመ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ስላለበት ብቻ አይገዛም። ያገለገለ ፓምፕ በግማሽ ዋጋ አግኝቶ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ያገለገለ በር ይገዛል፣ ያገለገለ መብራት ይገዛል፤ ካርቦኑ ምን ያህል እንደቀረ የማይታይ ፓምፕ ግን አይገዛም።

አሁን ወላጆችና አያቶች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ክፍል ነው። ታንኩ ከመከፈቱ በፊት ቤንዚኑ መውጣት አለበት፤ አገራችን ውስጥ ይህ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ቱቦ በአፍ በመሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚታዘዘው ረዳቱ ልጅ ነው። ጥቂት ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባውን ያቃጥለዋል። እኛ በእጅ የሚጨመቅ የፕላስቲክ መሳቢያ ተጠቀምን። የወጣውም በሃይላንድ ፕላስቲክ አልተቀመጠም፤ የተጠማ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋልና ክዳን ባለው ጀሪካን፣ ከቤት ውጭ ተቀመጠ። ምናልባት ልጅ ቤንዚን ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲወጣም በሳንባ በኩል ሊሄድ ይችላል። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው። ሥራው የተሠራው ግቢ ውስጥ በአየር ላይ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈትቶ ነው። ባለቤቴ ለሠራተኛው ቡና ላፍላ ብላ ከሰል ስታቀጣጥል ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ቤት ሄዳ እንድታፈላ ለመንናት፤ ቡናው ቢዘገይም መጣ።

ፓምፑ ሲወጣ ሁሉም ነገር ታየ። ከስሩ ያለችው ነጭ መሆን የሚገባት ወንፊት ቡናማ ሆናለች፤ በጣት ሲነኳት ዝገትና እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ትተዋለች። ታንኩ ግርጌም እንዲሁ። ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ በጉልበት ይስባል፤ በጉልበት ሲስብ ይግላል፤ ሲግል ካርቦኑ ያልቃል። አዲሱን ፓምፕ በዚያ ጭቃ ላይ ብናስቀምጠው ኖሮ ዕድሜው ወራት ነበር። ታንኩ ወርዶ ታጠበ፣ ደረቀ፤ ወንፊቱም የነዳጅ ማጣሪያውም ተለወጡ። ከዚያ ወዲህ ከጀሪካን ስንቀዳ በጥቅጥቅ ንጹሕ ጨርቅ አጥልለን ነው፤ ቆጣሪውም ከሩብ በታች ሲወርድ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። የልጅ ልጄ አሮጌውን ፓምፕ ሰንጥቃ ካርቦኖቹን አወጣች። አንደኛው የምስር ክክ ያህል ቀርቷል፤ ለፊዚክስ መምህሯ ወስዳ አሳየችው።

ለቦሩ ሜዳው ጉዞ አራት ቀን ሲቀረን ያንኑ ዳገት በቀትር ሁለት ጊዜ ወጣነው። አልተቆራረጠችም። በቀጠሮው ዋዜማ ጎህ ሲቀድ ተነስተን በቢልባላ አድርገን ጋሸና ላይ ቁርስ በላን፤ ደሴ ዘመድ ቤት አደርን። ባለቤቴ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፤ በማግስቱ ፋሻው ተነሳላት። የዓይን ሞራ ነጩን ነገር ሁሉ ቢጫ አድርጎ ያሳያል። ከሆስፒታሉ በር ስትወጣ መኪናዋን ቆማ አየቻትና «ነጭነቷን ረስቼው ነበር እኮ» አለች። የልጅ ልጄ የኋላውን በር ከፈተችላት። ወንበሩ ላይ ያለውን፣ ዓይኗ ሳይደክም በራሷ እጅ የሠራችውን ዳንቴል ጎንበስ ብላ አየችው፤ ጥጉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል የቤንዚን እድፍ ነበር።

«ይህን ማነው ያደረገብኝ?»

የልጅ ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ሞተሩን አስነሳሁ።